«ጾመው ይምጡ»፤ ስለ ደም ስብ ምርመራና ስለ ደረሰኙ

በ2017 ዓ.ም. በትንሣኤ ማግስት፣ ይኸውም ሚያዝያ 13 ቀን ሰኞ፣ አጎቴ ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ወረዱ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ሸማ ሠርተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ የዐቢይን ጾም ሃምሳ አምስት ቀን አንዲት ዕለት ሳያጓድሉ የፈጸሙ ሰው ናቸው። ከጾሙ እኩሌታ ጀምሮ ግን የውኃ ጥም አላስቀምጥ ብሏቸው ነበር፤ ሌሊትም ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሣሉ፤ ልብሳቸውም ሰፍቷቸው ነበር። እኛ ቤተ ዘመዶቻቸው «ጾሙ ነው፤ በፋሲካ ይመለሳል» አልን። ፋሲካ ደርሶ ነገሩ ሳይሻል በቀረ ጊዜ ልጃቸው ይዟቸው ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደ። የክሊኒኩን ስም እዚህ አላነሣም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

ከዚያ ወደ ቤቴ ሲመጡ ሁለት ወረቀት ይዘው ነበር። አንደኛው የምርመራው ውጤት ነው፤ ሁለተኛው የገንዘቡ ደረሰኝ ነው። እኔ የትምህርት ቤት መምህር ነኝና ቁጥር በተደረደረበት ወረቀት ላይ ዓይኔ አስቀድሞ የሚያርፈው በድምሩ ላይ ነው። ድምሩም ለፋሲካ ከታረደው በግ ዋጋ ይበልጥ ነበር። የጉበት አለ፣ የኩላሊት አለ፣ የታይፎይድ አለ፤ ከዚያም የደም ስብ ተብሎ አራት መስመር፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤች ዲ ኤል፣ ኤል ዲ ኤል፣ ትራይግሊሰራይድ፤ ለእያንዳንዱም ለብቻው ዋጋ ተቆርጦለታል። ተቆጣሁ። «ውኃ ጠማኝ ብሎ ለመጣ ሽማግሌ ይህ ሁሉ ምን ይረባል? ይህ ምርመራ ሳይሆን ገበያ ነው፤ ወረቀቱን ይጣሉት» አልሁ። አጎቴም የተማረ ሰው ቃል ያከብራሉና እሺ ብለው ወደ ደጋቸው ተመለሱ። ሴት ልጃቸው ግን ወረቀቱን አልጣለችውም፤ አጥፋ በዳዊቷ ውስጥ አኖረችው።

በዚያ ወረቀት ላይ ከትራይግሊሰራይድ ፊት ለፊት 612 የሚል ቁጥር ነበረ። እኔ ስለ ደረሰኙ ስቆጣ እርሱን አላነበብሁትም።

ትራይግሊሰራይድ ምንድር ነው? በደማችን ውስጥ የሚዘዋወር የስብ ዓይነት ነው። ግሊሰሮል በሚባል አንድ ግንድ ላይ ሦስት የስብ አሲዶች ተያይዘውበት ስለሚገኝ ስሙን ከሦስትነቱ አገኘ። ሰውነት የዕለቱን ትርፍ ምግብ ለነገ የሚያኖርበት የጎተራ እህል ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ኮሌስትሮል ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ለሰውነት ሕዋሳት መሥሪያ የሚሆን እንጂ ለስንቅ የሚቀመጥ አይደለም። ሁለቱንም አንድ አድርገን «ስብ» ብንላቸውም በወረቀቱ ላይ ለየብቻ የሚጻፉት ስለዚህ ነው።

ለእኛ ለጾመኞች ይልቁንም ሊታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ስብ ከሥጋና ከቅቤ ብቻ የማይመጣ መሆኑ ነው። ጉበት ከስኳር፣ ከነጭ ዱቄትና ከአልኮል ራሱ እየሠራ ወደ ደም ይልከዋል። እንግዲህ ሁዳዴን ሙሉ ጥሉላት ያልቀመሰ ሰው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ከነጭ ዳቦ ጋራ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ማታም አረቄ የሚያዘወትር ከሆነ ደሙ በስብ ሊሞላ ይችላል። አጎቴም በጾሙ ወራት ጥማቸውን የሚያበርዱት በጠርሙስ ለስላሳ እንደ ነበር ኋላ ተረዳን፤ ጥሙ ስኳሩን ይጠራል፣ ስኳሩ ጥሙን ያብሳል። የደጋው ጎመንና ባቄላ በዚህ በኩል የሚወቀሱበት ነገር የላቸውም። በቆላው የሚበቅለው ሽፈራውም መልካም ወጥ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰዎች ክኒናቸውን ትተው በቅጠሉ ሲታመኑ በዓይኔ አይቻለሁና ወጥነቱን እንጂ ሐኪምነቱን አልመሰክርለትም።

ከምግብም ሌላ ብዙ ምክንያት አለው። በሚገባ ያልተያዘ የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የኩላሊት ሕመም፣ ከቤተሰብ የሚወረስ ባሕርይ፣ እንደ ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶችና አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችም ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ብሎ በተገኘ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሌላ በሽታ ምስክር ሆኖ ነው የሚቆመው።

ልኩ እንዲህ ነው። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ያለው በሚሊግራም ሲቆጠር ከ150 በታች ደኅና ይባላል፤ ከ150 እስከ 199 ድንበር ላይ የቆመ፣ ከ200 እስከ 499 ከፍ ያለ፣ 500 እና ከዚያ በላይ እጅግ ከፍ ያለ ነው። (ከአውሮፓ ዘመድ የላከው ወረቀት ላይ 2 የሚል ቁጥር ቢታይ አያስደንቅም፤ እነርሱ በሌላ መስፈሪያ ይቆጥራሉ፤ የእነርሱ 1 በእኛ 88 ተኩል ያህል ነው።) እጅግ ከፍ ያለው፣ በተለይም 1,000 ያለፈው፣ ቆሽትን በድንገት ሊያቆስል ይችላል። ከሆድ በላይኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመም ከትውከት ጋራ የያዘው ሰው «ጨጓራዬ ነው» እያለ እስኪነጋ መቆየት የለበትም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት፣ ልጃቸው ደወለችልኝ። አባቷ ከአልጋ ለመነሣት እየደከሙ ነው። በዚህ ጊዜ በአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር ተጽፎላቸው፣ የጤና መድን ደብተራቸውን ይዘው፣ ወደ መንግሥት ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው። ልጅቱ ከዳዊቷ ያወጣችውን ወረቀት ተቀብሎ አየና ሁለት ነገር ጠየቀ። «አባቴ፣ ይህ ደም በተቀዳ ዕለት ምን በልተው ነበር?» አላቸው። አጎቴም ሌሊት ከቅዳሴ መልስ የተበላውን ዶሮ፣ እሑድ ቀን የተበላውን በግ፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ጎረቤት ጠርቷቸው የቀመሱትን ሥጋና የጠጡትን ጠጅ አንድ በአንድ ቆጠሩለት። ሁለተኛው ጥያቄ «ስኳርዎን ለክተውልዎታል?» የሚል ነበር። በዚያ ረጅም ደረሰኝ ላይ ያ ሁሉ ምርመራ ሲኖር፣ ከርካሾቹ አንዱ የሆነው የስኳር ምርመራ አልነበረም።

ሐኪሙ ሁለት መስመር ብቻ ጻፈ፤ ስኳርና ትራይግሊሰራይድ። የላቦራቶሪዋም ልጅ በትሕትና «አባባ፣ ነገ ጠዋት ጾመው ይምጡ» አለቻቸው።

አጎቴ ፊታቸውን አጥቁረው ወጡ። «አንተ ዲያቆን ነበርህ፤ በበዓለ ኀምሳ ጹም ይባላልን? ጌታ በተነሣበት ወራት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ለደም ምርመራ ብዬ ሥርዓት አላፈርስም» አሉኝ።

ነገሩ ለጊዜው ቢያስቀኝም በእውነቱ ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፤ የቃሉ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጾም የምትለው በፈቃድ፣ በጸሎትና በምጽዋት የሚፈጸመውን ነው። የላቦራቶሪው ጾም ግን ባዶ ሆድ ማለት ነው፤ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ምግብ ሳይገባ መቆየት እንጂ ሌላ ምሥጢር የለበትም። «ማታ በአንድ ሰዓት እራትዎን ይብሉ፤ ይተኙ፤ ጠዋት በአንድ ሰዓት ደም ይስጡ፤ ከዚያ ቁርስዎን ይብሉ። የተኛ ሰው ጾመ ተብሎ ያውቃልን?» ብላቸው ሳቁና እሺ አሉ።

የቃሉ ስሕተት በተቃራኒውም ይጎዳል። በሁዳዴ ወራት «ጾመዋል?» ተብሎ የተጠየቀ ምእመን ያለ ጥርጥር «አዎን» ይላል፤ ሥጋ አልበላምና ውሸት አልተናገረም። ነገር ግን ማታ በአራት ሰዓት ሽሮ በልቶ፣ ጠዋት ስኳር ያለው ሻይ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱም በባዶ ሆድ እንደ ተቀዳ ተደርጎ ይነበባል። ደግሞም ውኃ በላቦራቶሪው ዘንድ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ በአገራችን ያሉ ላቦራቶሪዎች ሁሉ «ጾመው ይምጡ» ማለትን ትተው «በባዶ ሆድ ይምጡ፤ ውኃ ይፈቀዳል» ቢሉ በእኔ አስተያየት ለሁላችን ይበጀን ነበር። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ባዶ ሆዱን ከማደሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ስኳሩ እጅግ ወርዶ ሊጥለው ይችላልና።

የአውሮፓ ሊቃውንት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጋራ ስምምነት ለመጀመሪያ ምርመራ ባዶ ሆድ መሆን ሁልጊዜ ግዴታ እንዳይደለ ጽፈዋል። ያልተከለከለ ሰው ሲመረመር ግን ከ175 ጀምሮ ከፍ ያለ ይባላል፤ ከ440 ካለፈ በባዶ ሆድ ይደገም ብለዋል። በዚህ መስፈሪያ የአጎቴ የፋሲካ ማግስት ምርመራ ከንቱ አልነበረም፤ ሊደገም የሚገባው ነበር እንጂ። ክሊኒኩ አልደገመም፤ እኔም አስጣልሁ።

በባዶ ሆድ የተቀዳው ደም ትራይግሊሰራይድ 338፣ ስኳር 214 ሆኖ ተገኘ። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 ከደረሰ የስኳር በሽታ ይባላል፤ በሌላ ቀን ተደግሞም ያው ሆነ። በፋሲካ ማግስት 612 ብሎ የጮኸው ቁጥር ከፊሉ የበግና የጠጅ ጩኸት ነበር፤ ከፊሉ ግን የዚህ በሽታ ነበር።

ያ ወጣት ሐኪም በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሌላም ነገር አሳየኝ፤ መምህር ስለሆንሁ ይህን መዝለል አልችልም። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 236፣ ኤች ዲ ኤል 34፣ ኤል ዲ ኤል 80 ይላል። ኤል ዲ ኤል «ክፉው» የሚባለው ነውና 80 መልካም ዜና ይመስላል። «ይህ ቁጥር ግን አልተለካም፤ ተሰልቷል» አለኝ። ፍሪድዋልድና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት ትራይግሊሰራይድ ለ5 ይካፈላል፤ ይህና ኤች ዲ ኤል ከጠቅላላው ላይ ይቀነሳሉ፤ የሚተርፈው ኤል ዲ ኤል ነው። 612 ለ5 ሲካፈል 122 ያህል ነው፤ 236 ሲቀነስ 34፣ ሲቀነስ 122፣ 80 ይሆናል። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ያለ ችግር የሚሠሩት ሒሳብ ነው። ይሁን እንጂ ስሌቱ ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ አያገለግልም። እንግዲህ አጎቴ ለአንድ መቀነስ ራሱን የቻለ ዋጋ ከፈሉ፤ ያም መቀነስ በእርሳቸው ደም ላይ የማይሠራ ነበር። በሌላ መሣሪያ ኤል ዲ ኤልን በቀጥታ የሚለኩ ላቦራቶሪዎች ስላሉ «ይህ ተለክቶ ነው ወይስ ተሰልቶ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ስለ ዋጋው ፍርድን ለማስተካከል ያህል የላቦራቶሪውንም ወገን ልናገር። ደሙ በሚሽከረከር መሣሪያ ይጣራል፤ ፈሳሹ ከቀዩ ይለያል። ስቡ እጅግ የበዛበት ሰው ፈሳሽ ወተት መስሎ ይታያል። ከዚያ ስቡን የሚሰባብር ኬሚካል ይጨመርበትና ሐምራዊ ቀለም ይወጣል፤ መሣሪያው የቀለሙን ድምቀት አንብቦ ቁጥር ይሰጣል። ኬሚካሉ በብርድ የሚቀመጥ፣ የአገልግሎት ቀኑ ሲያልፍ የሚጣል ነው። ይህ በነጻ አይገኝም። መንግሥትም በ1990 ዓ.ም. ባጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስልት ጤና ጣቢያዎችና ሐኪም ቤቶች ከሕሙማን የሰበሰቡትን ገንዘብ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት መንገድ ከፍቷል። ደግሞም ብዙ ጊዜ «ሁሉንም መርምሩልኝ» የሚለው ታማሚው ራሱ ነው፤ ብዙ ደም ከተቀዳ ብዙ የታከመ ይመስለዋል።

በሌላ አገርም ይህ ፈተና አዲስ አይደለም። በአሜሪካ እያንዳንዱ ምርመራ ለክፍያ የሚጻፍበት ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር አለው፤ የትራይግሊሰራይድ 84478 ነው። ከጠቅላላ ኮሌስትሮልና ከኤች ዲ ኤል ጋራ በአንድነት ሲታዘዝ ሦስቱም 80061 በሚል በአንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ፤ የተጠቃለለውን በትኖ በየብቻው ማስከፈል ደንብ መጣስ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ናሽናል ሄልዝ ላቦራቶሪስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ሐኪሞች በሚያዝዙት የተለመደ የደም ምርመራ ላይ የኤች ዲ ኤል እና ፌሪቲን የተባለውን የብረት ክምችት ምርመራ እየጨመረ መንግሥትን ለየብቻ በማስከፈሉ ጥፋቱን አምኖ 111 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። በዚያ የተከሰሰው ሰው መንግሥትን አስከፍሎ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን በግል ክሊኒክ የሚከፍለው በጉን የሸጠው አባወራ ነው፤ እርሱም ደረሰኙን የሚመረምርለት ከራሱ በቀር የለውም።

ለዚህ ነው የጤና መድን ደብተር ነገር ችላ የማይባለው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፋ። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ ሲታመም ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ሐኪም ቤት ያልፋል። አጎቴ ደብተሩ በቤታቸው ሳለ በፋሲካ ማግስት በቀጥታ ወደ ግል ክሊኒክ ስለሄዱ ሁሉንም ከኪሳቸው ከፈሉ። በግንቦት ግን በሥርዓቱ ስለሄዱ ካርዱም የስኳሩም ምርመራ በመድኑ ተሸፈነ። ለእውነት ያህል፣ የትራይግሊሰራይዱ ኬሚካል በዚያ ሳምንት አልቆ ነበርና ያንን አንዱን ከውጭ ላቦራቶሪ በገንዘባችን አስመረመርን፤ የአንድ መስመር ዋጋ ስለሆነ ግን በግ አላስሸጠም።

ይህ ምርመራ እንግዲህ ለማን ነው? የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ላለበት፣ ወላጆቹ ወይም ወንድሞቹ በወጣትነት በልብ ሕመም ለተያዙበት፣ ቆሽቱ ለታመመ፣ ስብ ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ለሚጀምር ሰው ሐኪሙ ቢያዝዝለት ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም። ሌላ ሕመም የሌለበት ሰው ግን የልቡን አደጋ ለመገመት ከዚህ መጀመር የለበትም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው የልብና የደም ሥር አደጋ መገመቻ ሠንጠረዥ አንዱ ዓይነት ያለ ላቦራቶሪ የሚሠራ ነው፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ትንባሆ ማጨስ፣ የደም ግፊትና የክብደት ከቁመት ጋራ መመጣጠን ይበቁታል። ትራይግሊሰራይድ በላቦራቶሪው ሠንጠረዥ እንኳ አልገባበትም።

ቁጥሩን ብቻ በክኒን ማውረድም እንደሚታሰበው አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ታላቅ ጥናት ነበረ፤ ከ10,000 የሚበልጡ፣ ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ ያለ የስኳር ሕሙማን ግማሾቹ ፔማፋይብሬት የተባለ መድኃኒት ወሰዱ። መድኃኒቱ ትራይግሊሰራይዳቸውን ዝቅ አደረገ፤ የልብና የአንጎል አደጋቸውን ግን አልቀነሰም። ቆሽትን ለማዳን እጅግ ከፍ ያለውን ማውረድ ሌላ ጉዳይ ነው። ለአጎቴም ሐኪሙ የስብ ክኒን አላዘዘም፤ ለስኳሩ ሜትፎርሚን ሰጣቸው፣ ለስላሳውንና አረቄውን ከለከላቸው፣ በሦስተኛው ወር በባዶ ሆድ እንዲመለሱ ቀጠራቸው።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሲመለሱ ትራይግሊሰራይዱ 171 ሆኖ ነበር። ሌሊት መነሣታቸው ቀርቷል፤ ልብሳቸውም ልክ ሆኗል። ስለሚመጣው የነቢያት ጾም ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ጋራ ተነጋገሩ፤ ሁለቱም መድኃኒቱ ከምግብ ጋራ በሰዓቱ እንዲወሰድ በአንድ ቃል ነገሯቸው። ሕሙም በጾም እንደ አቅሙ እንዲያዝ ሥርዓታችን ያውቃልና አጎቴ በዚህ አልተከራከሩም። የተከራከሩት በላቦራቶሪው በር ላይ ነው። ልጅቱ ቀጣዩን ቀጠሮ ስትጽፍላቸው ቀና ብለው «ጾመው ይምጡ አትበይኝ፤ በባዶ ሆድ በይ» አሏት፤ እርሷም ሰርዛ ጻፈችው።